አባቴ ፍርድ ቤት የቆመበት የሰሊጥ ወራት

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤቴን ላጅባት ገዳሪፍ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። ገና ጠዋት ነው። ዘበኛው ፀሐዩ ሳይበረታ የኒም ዛፎቹ ሥር ያለውን አቧራ በባልዲ ውሃ ይረጫል። የራሰው ጥቁር አፈርና የኒም ቅጠሉ አንድ ላይ ሲሸቱኝ እግሬ ቀጥ አለ። ጎረቤቴ ዞር ብላ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ይህን ሽታ የማውቀው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው፤ አባቴ ሁለት እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘውት በዚያው በር ሲገባ ቆሜ ሳይ።

ያ ዓመት አባቴ ከእኛ ጋር ሊኖር የመጣበት ዓመት ነው። እናቴ እኔን አዝላ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ የተሻገረችው ገና ጡት ሳልጥል ነበር። እሱ ሽማግሌ አባቱን ጥሎ መምጣት ስላልሆነለት እዚያው ቀረ። ለጥምቀት ስንሄድ ብቻ ነበር የማየው። አያቴ ሲያርፉ በሬዎቹን ለወንድሙ ትቶ፣ በክረምቱ መግቢያ አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ቤታችን ደረሰ።

እውነቱን ለመናገር ለእኔ እንግዳ ሰው ነበር። ረጅም ነው፤ በራችን ዝቅ ስለሚልበት ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ይገባል። አረብኛ አንድ ቃል አያውቅም። እኔ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር በአረብኛ የምጫወት፣ በአረብኛ የምጣላ፣ ሕልሜን እንኳ በአረብኛ የማልም ልጅ ነበርኩ። ሱቅ ስላክ አብሮኝ ይመጣና ባለሱቁ የጠየቀውን ሁሉ «አይዋ» ይላል፤ አዎ ማለት ነው። ስኳር ልስጥህ? አይዋ። ከየት ነው የመጣኸው? አይዋ። ባለሱቁ ይስቃል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

«አባ፣ ያልገባህን አይዋ አትበል» አልኩት አንድ ቀን ከሱቅ ስንመለስ።

«የሰው አገር ነው፣ ልጄ» አለኝ። «ሰው ፊቱን ወደ አንቺ አዙሮ ሲናገር ዝም ማለት ነውር ነው።»

ሰሊጡ ሲደርስ ከከተማ ወጣ ካለ አንድ ትልቅ እርሻ ላይ ለአጨዳ ገባ። አብዛኞቹ አጫጆች የእኛው አገር ሰዎች ስለነበሩ ቋንቋ አላስቸገረውም። አንድ ቀን ምሳ ይዘን ከእናቴ ጋር በትራክተር ተሳቢ ሄደን ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ፣ እየታሰረ፣ ራስ ለራስ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ቆሟል፤ ክምሩን ሂላ ነው የሚሉት። ከሩቅ ሳየው የተሰበሰቡ ሰዎች የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

አባቴን ሰው ሁሉ ያወቀው በዚያ ቀን ነው። ለአጫጆቹ የመጠጥ ውሃ የሚመጣው ቀድሞ ናፍጣ በነበረበት በርሜል ነው። ውሃው ይሸታል፤ ሰዎች ሆዳቸውን እየታመሙ ተኝተዋል። የእርሻው ወኪል ሀሚድ የሚባል ሰው ነበር፤ ነጭ ጀለቢያው አቧራ የማይነካው። አባቴ ከበርሜሉ በጣሳ ቀዳና ሰው ሁሉ እያየ ወደ ወኪሉ ሄዶ ጣሳውን ዘረጋለት። ወኪሉ ጣሳውን አየ፣ አባቴን አየ፣ አልተቀበለም። አባቴ ውሃውን እግሩ ሥር ደፋው። «አንተ የማትጠጣውን እኛስ ለምን እንጠጣለን?» አለ በአማርኛ። ወኪሉ ቃሉ ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል።

በሳምንቱ ንጹሕ ውሃ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሂላው ተቃጠለ።

ወሬው የደረሰን እናቴ ሻይ በምታፈላበት ራኩባ ሥር ነው። ራኩባዋ ከሣርና ከእንጨት የተሠራች ዳስ ናት፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ። አንድ አጫጅ በረክሻ፣ እኛ አገር ባጃጅ በምትባለው፣ መጥቶ፣ ሳይወርድ፣ «ጥሩዬ፣ አለባቸው ተይዟል። ሰሊጡን አቃጠልክ ብለውታል» አላት። እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። እኔን በእጄ ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተነሣች።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ የነበረው ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። ውሃ ሰጠን። «ሴትዮ፣ ምን ላድርግልሽ? ሰውየው አምኗል እኮ» አለ። «አንተ ነህ ወይ ያቃጠልከው ስለው፣ አይዋ አለ። ደግሜ ጠየቅኩት፤ አሁንም አይዋ።»

ሱቁን፣ ስኳሩን አስታወስኩ። የሱቁን ነገር ለእናቴ በአማርኛ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቁጭ አለች።

ኡስታዛ ሰልማን የምናውቃት ከሻይ ነው። ጠበቃ ናት፤ ኡስታዛ የሚሏት ለክብሯ ነው። ፍርድ ቤት ገብታ ስትወጣ እኛ ዘንድ ቁጭ ትልና ጫማዋን አውልቃ ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች። እናቴ በማግሥቱ እግሯ ሥር ልትወድቅ ስትል ሰልማ በክንዷ ይዛ አስቆመቻት።

«ባሌ አላቃጠለም፣ ኡስታዛ። በማርያም እምልልሻለሁ።»

«እሱን የምትይው አንቺ ነሽ። እኔ ከራሱ አፍ መስማት አለብኝ» አለች ሰልማ።

ይህ አነጋገሯ አናደደኝ። እናቴ ምላላት ሳለ እንዴት አታምንም? ጠበቃ ማለት ወገን ይዞ የሚጮህ ሰው ነበር የሚመስለኝ። ሰልማ ግን አልጮኸችም። ጋሽ ይማም የሚባሉ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከወሎ መጥተው ገዳሪፍ ያረጁ ሰው ይዛ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። እሳቸው እያስተረጎሙላት አባቴን ከጠዋት እስከ ቀትር ስትጠይቀው ዋለች። ወጥታ እናቴን፣ «እጁን አይተሽዋል?» አለቻት።

«ተቃጥሏል።»

«መዳፉን አይደለም የተቃጠለው። ሁለቱም እጁ ከላይ በኩል፣ እስከ ክንዱ። ይህንን ማንም አልጠየቀውም።»

ቀጠሮው ሲቃረብ ፍርሃቴ ሁሉ ወደ ዳኛው ዞረ። ሱዳኖች ዳኛን «ሞላና» ይሉታል። እኔ ደግሞ ሞላና ሲባል የሰማሁት ለመስጊድ ሼኮች ነበርና፣ የሚፈርደው ሼክ ነው፣ ክርስቲያን ሲያይ ይቆጣል ብዬ ደመደምኩ። ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ፈራች መሰለኝ፤ ስንቅ ልናቀብለው በሄድን ጊዜ አባቴን፣ «እስቲ ለዚያች ቀን እንኳ ማተብህን አውልቀው» ብላ ለመነችው።

«ኸረ ተይኝ፣ ጥሩዬ» አላት። «ቢፈርድብኝም ከነማተቤ ይፍረድብኝ።»

የመጀመሪያው ቀን ሞላና ሲገባ ሁላችንም ተነሣን። አጭር፣ መነጽር ያደረገ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። በመሐረብ አፍንጫውን እየጠረገ ተቀመጠ። ዓይኑ የአባቴ አንገት ላይ የሚያርፍበትን ጊዜ እጠብቅ ነበር። አላረፈም። የሚያየው የአባቴን ፊት ነው።

አንድ ነገር ጠየቀው። አባቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «አይዋ፣ ሞላና» አለ።

ኡስታዛ ሰልማ ተነሣች። ደንበኛዬ የሚባለው አይገባውም፤ አስተርጓሚ ይቅረብለት አለች። ወኪሉ ሀሚድ ከኋላ ሆኖ፣ «ልጁ እዚህ አለች! አረብኛ እንደ ወፍ ታወራለች። እሷ ትንገረው፤ ቀን አናባክን» አለ።

ተነሥቼ ቆምኩ። አባቴን የማድነው እኔ ነኝ፤ ቃሉን ሁሉ አሳምሬ፣ ጎርባጣውን አስተካክዬ እናገርለታለሁ።

ሞላና መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ስምሽ ማነው?»

«ደስታ።»

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

ነገርኩት።

«አረብኛሽ እንደሚያምር ከስምሽ አጠራር አወቅሁ» አለ። «ግን እዚህ ቤት ልጅ የአባቷን ነገር አትሸከምም። ዛሬ የምትናገሪው አንዲት ቃል ነገ ስታድጊ ትከብድሻለች። ተቀመጪ።» ከዚያ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ እስኪቀርብ ድረስ ከተከሳሹ አፍ የወጣ አንድም ቃል እንዳይያዝ አዘዘና ቀጠሮ ሰጠ።

በንዴት አለቀስኩ። ሐበሻ ስለሆንኩ ናቀኝ ብዬ ነው። አባቴ በፖሊሶቹ መካከል እያለፈ፣ «ምን አለሽ?» አለኝ በዓይኔ ላይ ያለውን እንባ አይቶ። እያለቃቀስኩ ነገርኩት። ለአፍታ ቆመና ወደ ዳኛው ወንበር ዞር ብሎ አየ። «ይህ ሰው ልጆች አሉት» አለ።

ከዚያ የባሰው ደግሞ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ሳቀርብ፣ ኡስታዛ ሰልማ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር፣ አባቴን ከሚከሰው ከዚያው ሰው ጋር፣ ራኩባችን ሥር ተቀምጣ እየሳቀች አየኋት። እሱ አንድ ነገር ሲነግራት ጉልበቷን እየመታች ትስቃለች። ሮጬ ወደ እናቴ ሄድኩ። «እማ፣ ሸጠችን!»

እናቴ ነገር ውስጧ አታቆይም። ዐቃቤ ሕጉ ሲነሣ ጠብቃ ሰልማ ፊት ቆመች። «ከባሌ ከሳሽ ጋር ምን ያስቅሻል?»

ሰልማ አልተቆጣችም። እኔን ጠራችኝና ከጎኗ አስቀመጠችኝ። «አብረን ነው የተማርነው። ገና ተማሪ ሳለን መድረክ ላይ የወደቀበትን ቀን እያስታወሰኝ ነው» አለች። «ስሚ፣ ደስታ። ሰሊጡ የተቃጠለበት ሰውም ተበድሏል። ለእሱ የሚናገርለት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሥራ የዚህ ሰውዬ ነው። ለአባትሽ የምናገር እኔ ነኝ። እዚያ ውስጥ ስንገባ እሱ አይምረኝም፣ እኔም አልምረውም። ሞላና ደግሞ የሁለታችንም አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

አሰበች። «ገና ላልተናገረው ሰው ነው» አለች። «ሁለታችንንም ሳይሰማ አፉን ከከፈተ ዳኛ አይደለም።»

ያኔ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። እናቴ ግን ሁለተኛ ሻይ ቀዳችላት።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የአጨዳው ወቅት ስላበቃ አጫጆቹ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው መጥተዋል። ጋሽ ይማም ቁርኣን ላይ እጃቸውን አድርገው፣ ከሁለቱም ወገን የሚሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ሊያደርሱ ማሉ።

ፖሊሱ ቀረበ። ሁለት ጊዜ ጠይቄው ሁለት ጊዜ አይዋ ብሏል አለ። ሰልማ ሞላናን አስፈቅዳ ወደ አባቴ ዞረች። ጋሽ ይማምን ዝም እንዲሉ በእጇ ምልክት ሰጠችና በአረብኛ፣ ረጋ ብላ፣ «አቶ አለባቸው፣ አንተ የገዳሪፍ ገዢ ነህ?» አለችው።

«አይዋ» አለ አባቴ በትሕትና።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወኪሉ ሳቀ፣ ጸሐፊው ሳቀ፣ አጫጆቹም አረብኛ የሚያውቁት ሳቁ። ጆሮዬ ነደደ። አባቴ ምን እንደተባለ ስላላወቀ አብሮ ፈገግ አለ፤ እሱ ነው ከሁሉ የባሰብኝ።

ሞላና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ሳቁ ወዲያው ጸጥ አለ። «ቋንቋ ባለማወቁ የሚሳቅበት ሰው እዚህ ቤት የለም» አለ። «እኔም እሱ አገር ብሄድ እንዲህ ነው የምቆመው።» ከዚያ ለጋሽ ይማም፣ «የተጠየቀውንና ሰዎች የሳቁበትን ምክንያት ንገረው። ሁሉንም ንገረው» አላቸው።

አባቴ ሰማ። ፊቱ ቀላ፣ ግን ራሱን አላቀረቀረም። «እንግዲያው አሁን በሚገባኝ ቋንቋ ይጠይቁኝ» አለ።

ጠየቁት። ነገሩን ከሥሩ ተናገረ፤ እሳቱን ሲያይ ከጓዶቹ ርቆ ሰሊጥ ያስር እንደነበር፣ ጆንያ በውሃ ነክሮ እየደበደበ እንደሮጠ፣ ነፋሱ ዞሮ ጆንያውን የጨበጠ እጁን ከላይ እንደለበለበው። ዐቃቤ ሕጉ፣ ቀደም ሲል ከወኪሉ ጋር በውሃ ጉዳይ መጣላቱን ጠየቀው፤ ቂም ይዘህበት ነበር? አባቴ፣ «ቂም ሳይሆን ንቀት ነበረኝ። ለከብት የማይሰጥ ውሃ ለሰው የሚሰጥ ሰው ይናቃል» አለ። ጋሽ ይማም ቃል በቃል በአረብኛ አስቀመጡት። እናቴ ጉንጯን ያዘች። በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያችን እንኳ ምነው ቢያልፏት?» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ ምያለሁ እኮ» ነው ያሏት።

የመጨረሻው ምስክር የትራክተሩ ሾፌር ዓወድ ነበር፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክር። አባቴን ከሁሉ አስቀድሞ እሳቱ አጠገብ አይቼዋለሁ አለ። ዐቃቤ ሕጉ አመሰገነውና ተቀመጠ። ሰልማ ተነሣች።

«ስታየው እጁ ላይ ምን ነበር?»

ዓወድ ወደ ወኪሉ ሰረቅ አድርጎ አየ። ሞላና፣ «ወደዚህ» አለው።

«ጆንያ።»

«ደረቅ?»

«እርጥብ። ውሃው ይንጠባጠብ ነበር።»

«በጆንያው ምን ያደርጋል?»

«እሳቱን ይመታል።»

«ይህንን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም?»

«የጠየቀኝ የለም» አለ ዓወድ። «ማን ነበር ብለው ነው የጠየቁኝ። ምን ያደርግ ነበር ያለኝ የለም።»

ዐቃቤ ሕጉን አየሁት። ሊናደድ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ብዕሩን አስቀምጦ፣ ለዓወድ ሌላ ጥያቄ እንደሌለው ተናገረ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ወኪሉ መልሶ ረዥም ጊዜ አየው።

ፍርዱ የተነበበው በሌላ ቀን ነው። ሞላና ሲያነብ ጋሽ ይማም ከአባቴ ጎን ቆመው በዝቅተኛ ድምፅ ይከተሉታል። እሳቱን ማን እንዳስነሣው ለዚህ ፍርድ ቤት አልታወቀም አለ። ይህ ሰው ስለመሆኑ ግን አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ በነጻ ይሂድ። እኔ ትንሽ ቅር አለኝ። ዳኛ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጣቱን ወደ ጥፋተኛው ይቀስራል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አላውቅም ሲል መስማት እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ያንን ቃል ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ለመናገር ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ይገርመኛል።

አባቴ ጋሽ ይማምን፣ «እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ» አላቸው።

ሞላና ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ምንም አልሰጠሁትም በለው። ይዞት የሚሄደው የራሱን ነው።»

ግቢው ውስጥ እናቴ እልል አለች። አጫጆቹ አባቴን አቀፉት፤ እጁን እንዳይነኩት እየተጠነቀቁ። ጣቶቹ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልተዘረጉም፤ ማጭድ መያዝ አልቻለም፤ የዚያ ዓመት ልፋቱም ሁሉ ከሂላው ጋር ነደደ። በዚያች ሰዓት ግን ይህን ያሰበ አልነበረም። ሁሉም በስሙ ይጠራዋል፤ እኔም ከመሐል ሆኜ ለማላውቀው ሰው ሁሉ፣ «አባቴ ነው፤ የእኔ አባት ነው» እላለሁ፣ በአማርኛም በአረብኛም።

እናቴ የሰልማን ትከሻ እየሳመች አልለቅ አለቻት። ምሳ ካልበላሽ አለች። የፍርድ ቤቱ ጠሪ በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ጠራ። ሰልማ ሰዓቷን አየች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የእኔ ነው» አለች። አንድ ወጣት በካቴና ታስሮ ሲያልፍ አየን። ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ጫማው ላስቲክ የሆነ፣ የእኛ አገር ልጅ ነው። ወደ ሊቢያ ሊሻገር መንገድ ላይ የነበረ፣ እዚህ ዘመድ የሌለው ልጅ መሆኑን ሰልማ እየተራመደች ነገረችን።

«ምን አድርጎ ነው?» አለች እናቴ።

«እሱን ገና አልሰማንም» አለችና ገባች።

አጫጆቹ ወደ ገበያ እንሂድ እያሉ አባቴን ይጎትቱታል። እሱ ቆሟል። የተዘጋውን በር ያያል።

«አለባቸው፣ እንሂድ እንጂ» አለች እናቴ። «አልበቃህም ይህ ቤት?»

«የሚያየው ሰው የለም» አላት አባቴ። «እኔ ስዞር እናንተን አይ ነበር።»

ነጠላውን አስተካከለ። እጁ ስለሚያመው በክርኑ ወደ ራሱ አስጠጋኝና ተያይዘን ተመልሰን ገባን። ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሞላና ቀና ብሎ አየን። ልጁ የሰው ድምፅ ሰምቶ ዞር ሲል፣ አባቴ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ፣ አንድ ትልቅ ሰው እንደመጣ ሁሉ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣው።